ስድስት ሰዓት ያላለፈው

አባቴ ባና ሸማኔ ነበር። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ልጅ ሳለሁ የአንኮበርን ብርድ ያለ ባና ሰው የሚችለው አይመስለኝም ነበር። እናቴ ጠጉሩን አጥባና ባዝታ ትፈትላለች፣ እሱ ከሽመና ጉድጓዱ ገብቶ ይሸምናል። አርባ ዓመት ያህል እግሩን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ኖረ። ታሞ ተኝቶ አይቼው አላውቅም። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ እናቴ እንዳትሰማው ከቤት ወጥቶ ነበር የሚያስለው።

እናቴ አባቴን አንቱ ትለዋለች። እኔን ግን ገና ስናገር አንተ እንድለው ራሱ አስለመደኝ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ እነሱ እወጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። የአንዱን እሑድ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ያን እሑድ ስነቃ አባቴ ለቅዳሴ ሄዶ ነበር። ሁልጊዜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ገና ሳይነጋ ይወጣል። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቤት ቀርታ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ስገባ እጇን አጣጥፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«አባትሽ ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ነበር» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ጨመደደኝ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ቃር ነው አሉ። አብሽ ልበጥብጥልዎ ብላቸው፣ ሳላስቀድስ ምንም አልቀምስም አሉኝ።»

እኔም ቃር ነው ብዬ አሰብኩ። ቁርስ ሠራሁ፣ የተማሪዎቼን ደብተር አረምኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ተመለሰ። በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አልነሳም አለ። ያ ቀን ጉም የለበሰ፣ እጅ የሚያደነዝዝ ቀን ነበር፤ እሱ ግን ባናውን ከትከሻው ጥሎ ላብ ያጠምቀዋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ የት ጋ ነው የሚያምህ?»

«አያመኝም፤ ከብዶኝ ነው እንጂ» አለና ጭብጡን ደረቱ መሐል ላይ አሳረፈ። «እዚህ ላይ ድንጋይ የጫኑብኝ ይመስላል።»

ወደ ቤት ላስገባው ብብቱን ይዤ ሳነሳው ደጃፉን ተሻግሮ ወደቀ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ሦስት ሰዓት ነበር።

ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያው አወጡት። ተረኛዋ ነርስ አስፕሪን እንዲያኝክ ሰጠችው፣ የደም ግፊቱን ለካችና ወዲያው ወረቀት መጻፍ ጀመረች። «ይሄ የልብ ነው፤ እዚህ አታቆዩዋቸው» አለችን። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ከሄደ ቆይቷል። መንገድ ዳር የሚሞላ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ አባቴን አንድ ጊዜ አየውና ሞተሩን አስነሳ፤ የተሳፈሩትም ማንም ሳይነግራቸው አንድ በአንድ ወረዱ። እስከ ዛሬ የማንኛቸውንም ፊት አላውቀውም።

መንገዱን በሙሉ አባቴን ጭኔ ላይ አስደግፌ ሄድኩ። ጉሙ ወፍሮ ስለነበር መኪናው መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ሲያስመልሰው ሾፌሩ ቆመልን። እናቴ ከኋላ ሆና ጫማውን እጇ ላይ ይዛ ሚካኤልን ትለምናለች። እኔ አልጸለይኩም። የማስበው ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ብቻ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታሉ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ከኔ የማይበልጥ ወጣት ነው። ደረቱ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልቡን ምት በወረቀት አወጡ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«አባትሽ የልባቸው የደም ሥር ተዘግቷል። ደም ያልደረሰው የልብ ጡንቻ እየሞተ ነው» አለኝ።

«የሚከፍት መድኃኒት የለም?»

«አለ፤ አሁን እጃችን ላይ ግን የለም። አዲስ አበባ ልልካቸው ነበር፣ ልባቸው ምቱ እየተዘበራረቀ ስለሆነ መንገዱን የሚችሉት አይመስለኝም። ሲረጋጉ እናየዋለን። እዚህ የምንሰጠውን ሁሉ እንሰጣቸዋለን።» ቀጥሎም፣ «አንድ በጥናት ላይ ያለ ሕክምናም አለ። ሲስተር ታስረዳሻለች» አለኝ።

ሲስተሯ ጥናቱን የምትከታተል፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ግድግዳው ላይ ተደግፈን፣ እናቴም ከጎኔ ቆማ፣ አስረዳችን። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ የልብን ሩጫ የሚያበርድ የታወቀ መድኃኒት ነው። የሚጠናው፣ ሕመሙ እንደጀመረ ቶሎ በደም ሥር ቢሰጥ ያልሞተውን ጡንቻ ከሞት ያድነው እንደሆነ ነው። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ያገኛል፣ ግማሹ ጨው ውሃ። ብልቃጦቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቁጥር ብቻ አላቸው። የትኛው ምን እንደሆነ የተጻፈው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው፤ እሷም አታውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። ሌላው ሕክምና ለሁሉም እኩል ነው። አንገባም ማለትም መብታችን ነው።

ከዚያ፣ «የሚገባው ሕመሙ ከጀመረው ስድስት ሰዓት ያላለፈው ሰው ብቻ ነው» አለች። «ከቆየ ልቡ ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ የደከመ ልብ ላይ ይሄ መድኃኒት ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ሰዓቱን አጥብቀን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። መቼ ጀመራቸው?»

ይህን በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም፣ አልገባኝም ማለት አልችልም። ከአሥራ አንድ እስከ አምስት ተኩል በጣቴ ሳልቆጥር ቆጠርኩት፤ ስድስት ሰዓት ተኩል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከፊቴ አንድ በር ነበር፣ በግማሽ ሰዓት ምክንያት ሊዘጋብኝ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ከወዲህ ግን የአባቴ ልብ እየሞተ ነው ተብያለሁ።

«ሦስት ሰዓት ላይ» አልኩ። «ደጃፍ ላይ ሲወድቅ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ያዘችው ጫማ አቀረቀረች።

ሲስተሯ ገብታ እሱንም ጠየቀችው። «አባባ፣ ሕመሙ መቼ ነው የጀመረዎት?»

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ልጄ እንዳለችው ነው» አለ።

ፈቃዱን በቀስታ ፈረመ፤ ፊደሉ ተንጋደደ። ሐኪሙ ሳንባውን አዳመጠ፣ ግፊቱን ደግሞ ለካ፣ እስካሁን ደህና ነው አለ። ቁጥር ያለበት ሳጥን ተከፈተ። መድኃኒቱን እያረፉ ሦስት ጊዜ በደም ሥሩ ሰጡት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከዚያው ሳጥን የሚውጠው ክኒን ነበረ። ሲስተሯ መርፌውን ስትገፋ እኔ ውሃውን ነበር የማየው። ምንም ቀለም የለውም። መድኃኒቱ ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን እያልኩ ነበር። ያ ጸሎት ከሆነ የዚያን ቀን የጸለይኩት እሱን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ጋብ አለለት። ማስታገሻ ስለወሰደ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ከሳጥኑ ነው ብዬ አመንኩ። በዚያ ዕለት ራሴን እንኳ አመሰገንኩ። ብልህ ልጅ ነኝ አልኩ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ አባቴ መተንፈስ አቃተው። ቀና አድርጉኝ ብሎ ተነሳ፣ ሲያስለው አረፋ ወጣው፣ ከንፈሩ ጠቆረ። የግፊቱ ቁጥር እየወረደ ሄደ። ሐኪሙ እየሮጠ ገባ፣ እኛን አስወጡን።

ኮሪደሩ ሲሚንቶ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከታች በኩል ይገባል። እናቴ መሬቱ ላይ ተቀምጣለች።

«ንገሪያቸው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ሰዓቱን።»

«እማዬ፣ ከነገርኳቸው መድኃኒቱን ያቋርጡበታል።»

«ንገሪያቸው።»

ሳትቆጣ ነው ያለችው። ሐኪሙ በር ከፍቶ ሲወጣ እጁን ያዝኩት። ሕመሙ የጀመረው በአሥራ አንድ ሰዓት እንደነበር፣ የነገርኳቸው ሰዓት ውሸት እንደሆነ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱ ብቻ ተለወጠ። «አሁንም መንገርሽ ጥሩ ነው» አለና ዞሮ የሳጥኑ መድኃኒት እንዲቆም አዘዘ።

«ፖስታው ይከፈት» አልኩት። «ምን እንደሰጣችሁት ይታወቅ።»

«ለማከም ካስፈለገኝ ማስከፈት እችላለሁ። ግን መድኃኒቱም ይሁን ጨው ውሃው፣ አሁን የማደርግላቸው ያው ነው።»

«ለኔ ስትል።»

«ላንቺ ብዬ አላስከፍተውም፣ እህቴ» አለኝ፤ ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። ተመልሶ ገባ።

ሲስተሯ መዝገቡን ይዛ መጣች። የነገርኳትን ሰዓት አልፋቀችውም፤ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘችው። ሦስት ሰዓት የሚለው ከመስመሩ ሥር እንደልብ ይነበባል። ከጎኑ አዲሱን ሰዓት ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀኑን አስቀመጠች። «ለምን አታጠፊውም?» አልኳት። «አይጠፋም። እንዲህ ነው የሚደረገው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት እንዴት እንዳለፉ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ኦክስጅኑ ሲንፎለፎል አስታውሳለሁ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ፣ «ምንም ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም» ማለቱን አስታውሳለሁ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከአንድ ጽድ ሥር ቆሜ፣ በገዛ አፌ ገደልኩት፣ በገዛ አፌ፣ እያልኩ መደጋገሜን አስታውሳለሁ። የሚያልፍ ሰው አየኝ፤ በሆስፒታል ግቢ ለብቻው የሚያወራ ሰው ስለማይገርም መንገዱን ቀጠለ። ትምህርት ቤት ደውዬ አባቴ ታሟል ያልኩ ይመስለኛል፤ አባቴ ሞቷል ብለሽ ነበር ብለው በኋላ ነገሩኝ።

ሐሙስ ጠዋት ትንፋሹ ረጋ። በማንኪያ አጥሚት ተቀበለኝ። እናቴ ልብሱን ልታጥብ ወጥታ ነበርና ብቻችንን ነበርን። መናገር አለብኝ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰዓቱን፣ ሲስተሯ ያለችውን፣ ሰኞ የሆነውን።

አባቴ ጣሪያውን እያየ ሰማኝ።

«አሥራ አንድ ሰዓትም አይደለም» አለ።

«እ?»

«ቅዳሜ ነው። ጠጉር ገዝቼ ከገበያ ዳገቱን ስወጣ ያዘኝ። ሸክሙን አስቀምጬ ተቀመጥኩ፣ ለቀቀኝ። ማታም መጣ። ሌሊቱንም አልተኛሁ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«አንቺ ልትመጪ ነበራ» አለኝ።

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የዋሸሁትም ሰዓት ውሸት፣ እውነት ብዬ አልቅሼ የተናዘዝኩትም ሰዓት ውሸት ነበር። ሲስተሯ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። መዝገቡን አወጣች፣ አሥራ አንድ ሰዓት የሚለውንም በቀጭን መስመር ሰረዘች። የሕመሙን ነገር ሁሉ ቢያጣሩት ኖሮ መጀመሪያውኑም አንገባም ነበር። እሷም ይህን የምታስብ መሰለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። ሐኪሙ ከመውጣታችን በፊት ልቡን በሚያሳየው መሣሪያ አሳየኝ። አንዱ ጎን ይጨማደዳል፣ ይዘረጋል፤ ሌላው ጎን እንደ ቆዳ ተለጥፎ ቀርቷል። «የሞተው ጡንቻ አይመለስም፤ በቀረው ይኖራሉ» አለኝ።

ቤቴ ደብረ ብርሃን እንዲቆይ ለመንኩት። አንድ ሳምንት ቆይቶ «ቤቴ ውሰዱኝ» አለ። አንኮበር በደረሰ በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። መወርወሪያውን አራት ጊዜ ወርውሮ አምስተኛው ላይ እጁ ቆመ። እናቴ አይታ እንዳላየች ፊቷን አዞረች። እንዲወጣ የረዳሁት እኔ ነኝ፤ ሰውነቱ እንደ ሕፃን ቀልሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን በሳንቃ ከደነው፤ እሱ ነው ያስከደነው፣ ሰው እንዳይገባበት ብሎ።

ሲስተሯ በየወሩ ትደውልልኛለች። ከጥናቱ ቢወጣም ክትትሉ አይቆምም አለችኝ። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው። እግሩ ያብጣል ወይ፣ ዳገት ይወጣል ወይ፣ በስንት ትራስ ነው የሚተኛው። እሑድ እሑድ እቤት ስሆን ትደውላለች፣ አባቴ ከጎኔ ሆኖ፣ «ደህና ነው በያት» ይለኛል። እኔ ግን እውነቱን ነው የምናገረው። መጀመሪያ አንድ ትራስ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሁለት ሆነ። መስቀል ካለፈ በኋላ ሦስት። ገና ሲደርስ ጋደም ማለት አልቻለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ባና ተጀቡኖ፣ ተቀምጦ ያድራል። እነዚያን ቁጥሮች ስናገር ሲስተሯ ወዲያ ማዶ ስትጽፍ የእስክሪብቶዋ ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

በጥር ወር አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ እናቴ ፀሐይ ልታሞቀው ደጅ አውጥታው፣ ተቀምጦ ሳለ አረፈ። እኔ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር።

ሰው ሁሉ አጽናናኝ። በሽታው ነው፣ ዕድሜው ነው፣ እግዜር ነው አሉኝ። እኔ ግን ሰኞ ከሰዓት በኋላ የወጣውን አረፋ እቆጥር ነበር። ያ መድኃኒት በደከመ ልብ ላይ ገብቶ፣ ሊተርፍ የነበረውን ጡንቻ የገደለው እኔ በከፈትኩለት በር ነው እያልኩ ከረምኩ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተቃራኒውን አስባለሁ፤ ባይገባ ኖሮ እሑዱኑ ይሞት ነበር፣ ያን ያህል የቆየው በኔ ውሸት ነው እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ያሰብኩበት ጊዜ አለ። ጥቁሬን አውልቄም አልተወኝም።

ሌላ ዓመት ዞሮ ሲስተሯ ደወለች። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፣ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው ይንጫጫሉ። ጥናቱ ማለቁን፣ ቁጥሮቹ መከፈታቸውን፣ ቤተሰብ ማወቅ ከፈለገ መንገር እንደሚቻል ነገረችኝ። «የማትፈልጊ ከሆነም መብትሽ ነው» አለች። ወደ አጥሩ ሄጄ ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዞርኩ።

«ንገሪኝ።»

«አባትሽ የደረሳቸው ጨው ውሃ ነው።»

ልጆቹ ይጮኻሉ። ጆሮዬን በእጄ ሸፈንኩ።

«ስለዚህ ያ ያልሽው ሰዓት አልጎዳቸውም» አለች ሲስተሯ። ለዚህ ብላ እንደደወለች ገባኝ። ደግ ሴት ናት።

«አልጠቀመውምም» አልኳት።

«አዎ» አለች።

መድኃኒቱ የደረሳቸውን ሰዎችስ ጠቅሟቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። ገና እየታየ ነው አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁ። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አጥሩን ይዤ ቆሜ የሚቀለኝን ስጠብቅ ደወል ተደወለ። ዋሽቼ የገዛሁለት አንድ ብልቃጥ ጨው ውሃ ነበር። ዓመት ከምናምን የተፀፀትኩበትም እሱው ነው። ለአባቴ ምንም ያደረግኩለት ነገር አልነበረም፤ ክፉም፣ ደግም።

ቅዳሜ ወደ አንኮበር ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እህል ትለቅም ነበር፤ እጇ አልቆመም።

«ጨው ውሃ» አለች።

«ጨው ውሃ ነው፣ እማዬ።»

«ያ ሁሉ መርፌ?»

«ከሳጥኑ የሆነው ሁሉ። ክኒኑም ባዶ ነበር።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ስትዋሺ ዝም ያልኩት እኔም እንዲገቡ ፈልጌ ነው» አለችኝ። «እሱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው አይቻለሁ። አንቺ እዚህ ተኝተሻል። ያኔ ብቀሰቅስሽ ኖሮስ?»

ይህን እኔም አስቤው አውቃለሁ። ጽድ ሥር ቆሜ አስቤዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ ካረፈ በኋላም አስቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አልነገርኳት እንጂ። ቅዳሜ ነበር የጀመረው፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልላት ይገባ ነበር። እንደዚያም አልኳት። ግን ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ትንሽ ዘገየሁ፤ እናቴም መዘግየቴን አየች።

ሰፌዱን ወደ ጭኗ መለሰች። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩና እስኪመሽ አብረን ለቀምን።